ወሬኛው ማይክ

እናቴ ዘፋኝ ልትሆን ነው ብዬ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ያወራሁበት ዓመት፣ እናቴ ድምፅዋን ያጣችበት ዓመት ነው። አሁን ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ እናገራቸዋለሁ። ያኔ ግን የማውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር፤ እሱንም ማንም አልነገረኝም፣ ከራሴ አውጥቼ ነው። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። በኛ ቤት የሚያለቅሱት ትልልቆቹ ነበሩ፣ ያውም ከኔ ተደብቀው። እኔ ስልስ ከረምኩ።

እናቴ የአውቶቡስ መናኸሪያ ተናጋሪ ነበረች። ከበሩ በላይ ባለች ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው መቆሚያ እንደሚነሳ፣ የማን ልጅ እንደጠፋ፣ የማን ሻንጣ እንደተገኘ በድምፅ ማጉያ ትናገራለች። ቤታችን ከመናኸሪያው ጀርባ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ እንሰማታለን። ውሎዋ እንዴት እንደነበር ለማወቅ ቤት እስክትገባ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ደክሟት እንደሆነ፣ ርቧት እንደሆነ፣ ከአለቃዋ ጋር ተነጋግራ እንደሆነ ከአጠራሯ እናውቃለን። የመጨረሻውን አውቶቡስ ስትጠራ አክስቴ ሾርባውን ትጥዳለች።

ታዲያ የመናኸሪያው ድምፅዋና የቤቱ ድምፅዋ አይተዋወቁም። የመናኸሪያው ኮቱን ቆልፎ የቆመ ነው፤ አይቸኩልም፣ አይደነቃቀፍም፣ አንድ ፊደል አይውጥም። የቤቱ ግን እንደ ልቡ ነው። ይቆጣል፣ ያሾፋል፣ ነገሩን ሳይጨርስ ይስቃል፣ ስሜን ሲጠራ ደግሞ መጨረሻውን ይጎትተዋል። ስሜን እንደሷ አድርጎ የጠራኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

አባቴ ቆርቆሮ ሠሪ ነው። ባልዲ፣ አሸንዳ፣ የጭስ መውጫ፣ የውሃ መያዣ ይሠራል። የሚሠራበት መጠለያ ከቤታችን ግድግዳ ጋር የተለጠፈ ሲሆን መዶሻው ፀሐይ እያለ አያርፍም። ታላቅ እኅቱ፣ አክስቴ፣ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። ልባሽ ልብስ ትነግዳለች፤ ምላሷም ከንግዷ ይፈጥናል። «ባልየው ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፣ ሚስትየው በማይክ ትጮኻለች፤ ይቺ ልጅ ጆሮ ኖሯት ያደገችው በተአምር ነው» ትል ነበር።

ነገሩ የጀመረው እናቴ ጉሮሮዋን መጠራረግ ስታበዛ ነው። ድምፅዋ ይሻክር ጀመር፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ጭራሽ ይዘጋል። ማርና ሎሚ ጠጣች፣ በእንፋሎት ታጠነች፣ አልለቀቃትም። ሐኪም ዘንድ ተመላለሰች። ከዚያ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀመሩ፤ በኛ ቤት ይህ ራሱ የበሽታ ምልክት ነው፤ እኔ ግን ልብ አላልኩም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የመዶሻው ድምፅ የለም። ገና መንገድ ላይ ሆኜ ገረመኝ። ቤት ስገባ ሦስቱም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩና ጆሮዬን ጣልኩ።

«ከወሩ መጨረሻ ማለፍ የለበትም ብሏል» አለች እናቴ።

«ካለ ምን ይደረጋል» አለ አባቴ። ትንሽ ቆየና፣ «ግን ከዚያ በፊት እንቅዳው» አለ።

«ምኑን?»

«ድምፅሽን ነዋ!»

አክስቴ ተናፈጠች።

በዚያ ሰሞን ሬዲዮ ላይ የአዳዲስ ድምፃውያን ውድድር ነበር። ቤቱ ዘፍኖ በካሴት የቀዳ ሰው ሁሉ መላክ ይችላል፤ መቀበያው የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ነው ተብሎ ነበር። በክፍላችን ሌላ ወሬ አልነበረም። ነገርን ከነገር ገጠምኩና ጨረስኩ፦ እናቴ ልትወዳደር ነው። «ብሏል» የተባለው የሬዲዮው ሰውዬ ነው። አክስቴን ጉንፋን ይዟት ነው። ደስታው አላስቀምጥ አለኝ፤ ግን ምስጢር መሆኑ ገብቶኝ አፌን ያዝኩ። የያዝኩትም እስከ ማግስቱ የእረፍት ሰዓት ድረስ ነው።

ሬዲዮ ጠጋኙን ሰው ሁሉ ሽቦ ነው የሚለው። ከቅጥነቱ የተነሳ የወጣለት ስም ነው፤ እሱም ሳይቀየም በሱቁ በር ላይ በቀለም ጽፎታል። ቤታችን ያለው ቴፕ የማይክ ቀዳዳ ነበረው፣ ማይክ ግን አልነበረንም። እናቴ እጄን ይዛ ስትገባ ሽቦ ሆዱ የተከፈተ ቴሌቪዥን ላይ ጎንበስ ብሎ ይበይዳል። ሱቁ የቀለጠ እርሳስ ይሸታል።

«ቤት ውስጥ ዜማ ለመቅዳት የሚሆን ማይክ ፈልጌ ነበር» አለች። «ጥሩ ይሁን፤ ዋጋው ግን አቅማችንን ይወቅ።»

«ለማን ነው እትዬ?»

«ለኔ።»

«ለርስዎ?» ሳቀ። «ያ የያዙት አይበቃም? ከተማውን በሙሉ በጠዋት የሚቀሰቅሰው!»

እናቴ አልሳቀችም። እኔን ወደ መስኮቱ ገፋ አደረገችኝና ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ የሆነ ነገር ነገረችው። ሽቦ መበየጃው በእጁ እንዳለ ደርቆ ቀረ፤ የቴሌቪዥኑ ፕላስቲክ መቅለጥ ሲጀምር ነው የነቃው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባና ሦስት ማይክ ይዞ መጣ።

«ሦስቱንም ይውሰዱ» አለ። «ቤትዎ ይሞክሯቸው። የወደዱትን ያስቀሩና ሌላውን ይመልሱልኛል። ስለ ዋጋው አያስቡ፣ እንግባባለን።»

ሽቦ ለማንም እንዲህ አድርጎ አያውቅም፤ መያዣ ሳይቀበል ባትሪ እንኳ አያስሞክርም። ለምን እንዳደረገው አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ከወዲሁ ከታዋቂ ሰው ጋር መወዳጀቱ ነው አልኩ፤ ብልጥ ነው ብዬም አደነቅኩት።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ» አለ ልንወጣ ስንል። «ቤቱ ጸጥታ አለው?»

እናቴ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «የቆርቆሮ ሠሪ ሚስት እኮ ነኝ!»

«እንግዲያው ይሄኛውን ልብ ይበሉት» አለና ከባዱን አነሳ። «ይሄ አፍ ካልቀረበው አይሰማም። አጠገቡ ቤት ቢፈርስ ግድ የለውም። ይሄ ቀጭኑ ባለ ባትሪ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ረቂቅ ነው፣ የትንኝ ክንፍ ይይዛል፤ ግን አይመርጥም። ያገኘውን ሁሉ ይቀዳል።» ሦስተኛውን፣ ወርቃማውን፣ ብዙም አላመሰገነውም።

ማይኮቹ ጠረጴዛው ላይ እንደተደረደሩ ስም ያወጣችላቸው አክስቴ ናት። ወርቃማውን «ሙሽራው» አለችው። በልብስ ንግድ የኖረች ሰው ስለሆነች በሷ ቤት ነገሩ አልቋል፤ የሚያብለጨልጨው ነው የሚገዛው። ቀጭኑን ባለ ባትሪ «ወሬኛው» አለችው። ከባዱን፣ አናቱ ላይ ያለው ወንፊት የተጨረመተውን፣ «አልሰሜ» አለችው።

ሙሽራው በአንድ ዘፈን ወደቀ። ቴፑን መልሰን ስንከፍተው ከእናቴ ድምፅ በላይ የሚሰማው ትኩስ ዘይት ውስጥ ሽንኩርት የገባ ይመስል ሺሺሺ የሚል ነገር ነው። «አይ፣ መልክ ብቻ!» አለች አክስቴ ከልቧ አዝና። እኔም አዘንኩ። በሬዲዮ ምንም እንደማይታይ ረስቼ፣ እናቴ በወርቃማው ማይክ ስትዘፍን ነበር የማስባት።

በማግስቱ የወሬኛው ተራ ደረሰ። ደጋግሜ የምመለስበት ቀን ይህ ነው። አባቴ ሥራ ላይ ነው፣ አክስቴ ምግብ ታበስላለች፣ እኔ ከመደርደሪያው አናት የብስኩት ቆርቆሮ ለማውረድ ወንበር ላይ ወጥቻለሁ። እናቴ ማይኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፋ፣ ቴፑን ከፍታ፣ እናቷ ልብስ ስታጥብ ታንጎራጉረው የነበረውን ዘፈን ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ድምፅዋ ያዝ አደረጋት፣ ከዚያ ለቀቃት። መሃሉ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችኝ።

ቴፑን መልሰን ስንከፍተው ቤቱ በሙሉ ውስጡ ነበር። መዶሻው አለ፣ ያውም ከዘፈኑ ጋር ለመግጠም የሚታገል የሚመስል። የአክስቴ ነጠላ ጫማ አለ፣ የድስት ክዳን አለ፣ ከሩቅ የአውቶቡስ ጥሩምባ አለ። ዘፈኑ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ድንገት ይቆምና የእናቴ የቤቱ ድምፅ ይመጣል። ስሜን፣ መጨረሻውን ጎትታ፣ ከዚያም «ኧረ አንቺ ልጅ! ውረጂ ከዚያ! ዛሬ ጥርስሽን ነው ከመሬት የምለቅመው!» ወንበር ይንኳኳል፣ የብስኩቱ ቆርቆሮ ወለል ላይ ይንከባለላል። ከግድግዳው ማዶ አባቴ፣ «ምንድን ነው እሱ?» ይላል። እናቴም፣ «ልጅህ ናታ! ቆርቆሮ ሲንኳኳ ካልሰማች የምትታመመው!» ትላለች። ሁለቱም ይስቃሉ። ሳቁ ሳያልቅ እናቴ ዘፈኑን ካቆመችበት ቀጠለች፤ እየሳቀች ነው የጨረሰችው።

ስንሰማው በሳቅ ፈረስን። አክስቴ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። አባቴ የቆርቆሮ መቀሱን እንደያዘ ገብቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር የሰማው።

«እስቲ መልሺው» አለ።

መለሰችለት። ዳግመኛ ሲሰማ አልሳቀም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። እኔ የመዶሻውን ድምፅ በደንብ ለመስማት መስሎኝ ነበር።

«ይሄኛው ነው» አለ ሲያልቅ። «ወሬኛውን እንግዛው። ይሄ የተቀዳውም እንዳለ ይቀመጥ።»

እናቴ ያበደ ሰው እንደምታይ አድርጋ አየችው። ይህ እንዲገባችሁ የመስታወቷን ክፍል ሕግ ማወቅ አለባችሁ። ሥራ በጀመረች ሰሞን ቁልፉን ሳትለቅ አስላ፣ ሳሏ በመናኸሪያው ሁሉ ተሰምቶ፣ መንገደኛው ሥቆባት፣ አለቃዋም በሰው ፊት ገሥጿት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማይክ ፊት ትርፍ ነገር አይወጣትም። ቁልፉን ትጫናለች፣ ትናገራለች፣ ትለቃለች። «ጥሩ ተናጋሪ መንገደኛው የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚሰጠው» ትል ነበር። የዕድሜ ልክ ኩራቷ ይህ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ ያን ቀረጻ ታስቀምጠው ነበር፤ ያልተማረ ጆሮ ያላት ማንኛዋም እናት።

«ይሄ ቀረጻ ነው?» አለች። «መናኸሪያ ነው እንጂ! መናኸሪያ እንኳ እንዲህ አይንጫጫም። ደህና ነገር ላኑርላችሁ ብዬ ስነሳ የድስት ክዳን ላስቀምጥ?»

«ቤታችን እኮ ነው ውስጡ ያለው» አለ አባቴ።

«ቤታችን ምን ያደርግላችኋል? ቤቱ የት ይሄዳል!»

አባቴ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ዛሬ ያን ፊቱን ሳስበው ሊላት የፈለገው ወለል ብሎ ይታየኛል። ቤቱማ የትም አይሄድም፤ የሚሄደውን ግን እኔ ፊት መናገር አልቻለም፤ እኔ ባልኖርም የሚችል አይመስለኝም። አክስቴም፣ «እውነቷን ነው፤ የኔ ነጠላ ጫማ ለልጅ ልጅ አይተርፍም» ብላ ፈረደች። ሽቦም ሲጠየቅ ያንኑ አለ። ለድምፅ ብቻ ከሆነ አልሰሜ ነው፣ በዋጋም በጥራትም የሚወዳደረው የለም። ትክክል ነበር። ጫጫታ ባለበት ቤት ለሚቀዳ ሰው ዛሬም ከዚያ የተሻለ ምክር አልሰማሁም። ሁሉም ትክክል ነበሩ፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ለዚሁ ተብሎ የተገዛው ካሴት አንድ ነበር፣ ደህና ዓይነት። «ደህናው ካሴት ላይ ጫጫታ አይቀመጥም» አለችና እናቴ ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ወሬኛው ወደ ሽቦ ሱቅ ተመለሰ። አዲሱ ቀረጻ በዚያው ካሴት ላይ፣ ከዚያው ቦታ ተጀመረ።

አባቴ ከቁርጥራጭ ቆርቆሮ ለአልሰሜ መቆሚያ ሠራለት። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ። እናቴ የእረፍት ቀኗ ቢሆንም ሰማያዊውን የመናኸሪያ ኮት ለበሰች፣ ቁልፎቹን እስከ አንገቷ ቆለፈች። ማን ሊያይሽ ነው ብዬ ሳቅኩባት።

«ማይኩ ያየኛል» አለችኝ። ከዚያ ሁላችንንም አስወጣችን።

እኔና አባቴ መጠለያው ሥር ተቀመጥን። መዶሻው ጉልበቱ ላይ ነው፣ ሁለት እጁ መዶሻው ላይ። ባልዲ ሊገዛ የመጣውን ሰው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ መለሰው። አክስቴ ጫማዋን አውልቃ በእግር ጣቶቿ ነበር የምትረግጠው። አንዴ ሳል ሊያመልጠኝ ሲል አባቴ ራሴን ደረቱ ውስጥ ቀብሮ ያዘኝ፤ ልቡ ድው ድው ይላል። የወሩ መጨረሻ ስለደረሰ ነው የሚፈራው ብዬ አሰብኩ። በዚህስ አልተሳሳትኩም።

ዘፈኖቹ በግድግዳው በኩል በስሱ ይደርሱናል። የልብስ ማጠቢያው፣ ዝናብ የሚለመንበት፣ አንዲት ሴት በሰነፍ ባሏ የምታሾፍበት፣ ሌሎችም። በየመሃሉ የቴፑ ቁልፍ ቀጭ ይላል። ድምፅዋ ሻካራ ነበር፣ ግን ኮቱን ቆልፎ የቆመው ድምፅ ነው፤ አንድም ቦታ አልተሰናከለም። ጨርሳ ስትወጣ ግንባሯ በላብ ርሷል።

«እንዴት ነው?» አለችው አባቴን።

«ንጹሕ ነው» አለ።

ከዚያ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደች፤ አባቴም አብሯት። አክስቴ «ለሥራ ነው» አለችኝና ወደ ልብሶቿ ዞረች። እኔ ለልጆቹ ውድድሩ መጨረሻው ዙር ላይ ደርሷል አልኳቸው። በመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ አንዲት የማላውቃት ሴት መጥራት ጀመረች። ትንተባተባለች፣ መቆሚያ ታሳስታለች። እንዴት ደስ አለኝ! የእናቴ ቦታ ለሌላ የተሰጠው እሷ ወደ በለጠ ስላለፈች ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ስትመለስ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች፣ ከስታለች። አቀፈችኝ፣ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ፣ አየችኝ፣ ቃል ግን አልተናገረችም። «ድምፅዋን እያሳረፈች ነው፤ አታስቸግሪያት» አለች አክስቴ። ለልጅ አዝና ነው፤ አልፈርድባትም። እኔ ግን ያቺን ውሸት ተቀብዬ አሳምሬ አሳደግኳት። በየደጁ እየዞርኩ፣ እናቴ ድምፅዋን ለውድድሩ እያጠራቀመች ነው እል ጀመር። አንዲት ጎረቤት ይህን ስትሰማ ከንፈሯን መጠጠች። ቅናት ነው አልኩ።

ውጤቱ በተነገረ ቀን ሬዲዮው ላይ ተደፍቼ ሰማሁ። የእናቴ ስም የለም። ሦስተኛ እንኳ አልወጣችም። እያረርኩ ሄጄ ትከሻዋን አቀፍኩና፣ «ተያቸው እማዬ፤ ዳኞቹ ጆሮ የላቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ትዘፍኚያለሽ» አልኳት። እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ ተነስቶ ወጣና ተሠርቶ ያለቀ ባልዲ ይቀጠቅጥ ጀመር። ያን ቀን ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። ልብ አጡ።

ያወቅኩት ማንም ነግሮኝ አይደለም። አንድ ነፋሻ ከሰዓት አባቴ አዲስ የመጡ ሰፋፊ ቆርቆሮዎች ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሚስማር ሊገዛ ሄደ። እኔ ከሥራቸው ተቀምጬ በቁርጥራጭ አሻንጉሊት እሠራለሁ። የተከለከለ ቦታ ነው፤ ግን በኔና በእናቴ መካከል የታወቀ ሥርዓት ነበረን። እሷ ስሜን እስክትጠራ እቀመጣለሁ፣ ስትጠራኝ እየተነጫነጭኩ እነሳለሁ።

ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች። አፏ ተከፍቷል። የአንገቷ ሥር ተገታትሯል፣ ፊቷ ደም መስሏል፣ አንድ እጇ ወደኔ ተዘርግቷል። አፏ የሚለውን አውቀዋለሁ። ስሜን ነው፤ መጨረሻውን ስትጎትተው ከንፈሯ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን የሚመጣ ነገር የለም። የቀጠነ አየር ብቻ፣ ከሻርፑ ሥር። እኔም ቁጭ ብዬ አየኋት። ድምፁን እየጠበቅኩ ነበር።

ቆርቆሮው ወረደ። የመታኝ ትከሻዬን ነው፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ቢል ኖሮ ይህን የምታወራ ሰው አትኖርም ነበር። ሮጣ ደረሰች፣ ጎትታ አወጣችኝ፣ ሻርፗን ፈትታ ቁስሌን አሰረችበት። አንገቷ ላይ ያለውን ቀዳዳ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ትንፋሽዋ በዚያ በኩል ይወጣል፣ ይገባል። ስታቅፈኝ ጸጉሬ ላይ ይሞቀኛል።

«ለምን አልጠራሽኝም?» አልኳት።

አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋችና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ደጋግማ። ምንም አልሰማሁም፤ ግን ስሜ መሆኑን ጉንጬ ላይ አወቅኩት። አባቴ ሲመጣ ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ስናለቅስ አገኘን። እዚያው አጠገባችን ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገረኝ። ማንቁርቷ ላይ ክፉ እጢ ወጥቶ ነበር። ሐኪሙ ከወሩ መጨረሻ አይለፍ ያለው ቀዶ ሕክምናውን ነው። ነፍሷን ለማትረፍ ድምፅዋ መሄድ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ እናቴ ብዙ ዘመን ኖረች፤ ለዚህ አመስጋኝ ነኝ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። በመናኸሪያው ትኬት ክፍል ሠራች፣ ዳረችኝ፣ ልጄን አሳደገችልኝ። ስትቆጣ ጠረጴዛ በማንኪያ ትመታለች፤ ሲያስቃት ትከሻዋ ይርገፈገፋል። እኔን ስትፈልግ ታጨበጭባለች። ጭብጨባዋን ወደድኩት፣ ለመድኩት። ግን ጭብጨባ ለማንም ይሆናል።

አንድ ቀን ካሴቱን አውጥተን ሰማነው። እንከን አይወጣለትም። ልጄ፣ «ይቺ ዘፋኝ ማን ናት?» አለች። እናቴ በጣቷ ደረቷን ጠቆመች። ልጄ ሳቀች፤ አላመነቻትም። እናቴ እጇን ቀስ ብላ አወረደችና አባቴን ዞራ አየችው። እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። በሚቀጥለው ቀን ወደ ሽቦ ሄድኩ፤ አርጅቶ ነበር፣ ውፍረት ግን አሁንም አልነካውም። የተሰረዘውን ማውጣት ይቻል እንደሁ ጠየቅኩት። «የለም ልጄ» አለኝ። «ቴፕ አዲሱን የሚጽፈው አሮጌውን ጠርጎ ነው።» ያባትሽም ጥያቄ ይሄው ነበር አለኝ፤ እናቴ ከሆስፒታል በተመለሰች ሰሞን።

ባለፈው ዓመት እናቴን ቀበርናት። አባቴ አሁን ከኔ ጋር ነው፤ መዶሻ መያዝ ካቆመ ቆይቷል። ዘፈኖቹን ስልኬ ላይ አስገልብጫቸዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ይጠይቀኛል፣ እከፍትለታለሁ። ዘፈኖቹን እንደማያዳምጥ ያወቅኩት በቅርቡ ነው። ዘፈኑ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ሲያልቅ ጎንበስ ይላል።

«እዚህ ጋ መልሺው» አለኝ አንድ ቀን።

መለስኩት። ዘፈኑ ያልቃል። ከዚያ፣ ቁልፉ ቀጭ ከማለቱ በፊት፣ አጭር ትንፋሽ ትስባለች፤ ሰው ሊናገር ሲል የሚስበው ዓይነት። ከዚያ ቀጭ። ሌላውን ከፈትኩት፤ እዚያም አለ። በየዘፈኑ መጨረሻ አለ። ስንት ዘመን ሰምቼው አላስተዋልኩትም።

«የሆነ ነገር ልትለን ነበር» አለ አባቴ። «ትርፍ ነው ብላ ተወችው።»

«አንተማ የሚቻልህን አድርገሃል አባዬ» አልኩት። «ዘፍና እስክትጨርስ አንዲት ኮሽታ አላሰማህም።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አለ። ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ምን ነበረበት መዶሻዬን አንዴ ቆርቆሮው ላይ ባሳርፈው? ቁልፉን ሳትለቅ ትቆጣኝ ነበር።»